14 ሃንዲካፕ ብዙ ነው?

ሃንዲካፕ አንድ ጎልፍ ተጫዋች ከፓር፣ ማለትም ለሜዳው ከተመደበው የምት ብዛት፣ ስንት ምት ያህል እንደሚያልፍ የሚለካ ቁጥር ነው፤ ሲያንስ ይሻላል። በአሜሪካ ሃንዲካፕ የተመዘገበላቸው ወንድ አማተር ጎልፍ ተጫዋቾች አማካይ 14 አካባቢ ነው። ብዙ ጀማሪ ይህን ሲሰማ ተስፋ ይቆርጣል፤ ያለ ምክንያት።

በ2020 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ሃንዲካፕ ሥርዓት ከመጨረሻዎቹ 20 ዙሮች ምርጥ 8ቱን ብቻ ወስዶ ያሰላል። ስለዚህ ቁጥሩ ተጫዋቹ ሲቀናው የሚደርስበትን እንጂ የዘወትር ውጤቱን አያሳይም። ፓር 72 በሆነ መካከለኛ ሜዳ ባለ 14ቱ ሰው በጥሩ ቀኑ በ86 ምት ገደማ ይጨርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥቂት ምቶች ይጨምራል።

በዚያ ላይ አማካዩ የተሰላው ውጤታቸውን ከሚያስመዘግቡት ብቻ ነው። በዓመት አንዴ ሁለቴ ዱላ የሚያነሳው ሰው በአብዛኛው እዚያ ውስጥ የለም።

የሃንዲካፕ ጣሪያ ለወንድም ለሴትም 54 ነው። ጀማሪዎች፣ በ30ም ሆነ በ40 ለመመዝገብ አትፈሩ።