ድንጋዩ ከመነጠፉ በፊት

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። ከበላይዋ የጣርማ በር ደጋ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ሐምሌና ነሐሴ ደጋው ላይ ሲዘንብ ጎርፉን የሚቀበለው ቆላው ነው።

የከተማዋ በጀት በተነሳ ቁጥር ክርክሩ አንድ ነው፤ ገንዘቡ አዲስ ኮብልስቶን ይነጠፍበት ወይስ የተደፈነው ቦይ ይጠረግበት? ነዋሪው ደጃፉ ላይ ድንጋይ ማየት ይፈልጋል፤ አቧራና ጭቃ ያሰለቸው ሰው ቢፈልግ አይፈረድበትም።

ኮብልስቶን ግን የሚያርፈው በአሸዋ ላይ ነው። ቦዩ በላስቲክ፣ በደለልና በሽንኩርት ልጣጭ ሲታፈን ውኃው መንገዱ ላይ ይተኛል፤ በድንጋዮቹ መገናኛ ሰርጎ አሸዋውን ያጥባል። መጀመሪያ አንድ ድንጋይ ይነቃነቃል፣ ከዚያ ጎረቤቱ ይሰምጣል፣ ባጃጁ በተመላለሰ ቁጥር ጉድጓዱ ይሰፋል። ስለዚህ ቦዩ ይቅደም፤ ጠረጋውም ከሰኔ በፊት ይለቅ።

ጥገና የራሱ ገንዘብ ሊኖረው እንደሚገባ አገሪቱ ቀድሞ ተቀብላለች። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ ሽያጭ የሚሰበስበውን ገንዘብ ለመንገድ ጥገና ያውላል፤ ከተሞችም ድርሻ አላቸው።