«የዚህ አገር መብራት ደካማ ነው» አንበል



«አገር ቤት 220 ቮልት ነው፤ እዚህ ግን 120 ብቻ፤ ቢይዝም ያን ያህል አይጎዳም» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። ቁጥሩ ልክ ነው። መደምደሚያው ግን ልክ አይደለም። የሚጎዳው በሰውነት ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠን ነው፤ ቆዳ ሲረጥብ ደግሞ በቀላሉ ያልፋል። የሕፃን ልጅ እጅ መቼ ከአፉ ይወጣል? ስለዚህ 120 ቮልትም ሊገድል ይችላል።

እስቲ ዛሬ ማታ ተንበርከኩና ቤታችሁን በልጃችሁ ቁመት እዩት።

በመጀመሪያ የግድግዳ ሶኬቶቹን ተመልከቱ። የካናዳ የኤሌክትሪክ ኮድ ከ2009 እትሙ ጀምሮ በአዳዲስ መኖሪያ ቤቶች መከለያ ያለው ሶኬት እንዲገባ ያዛል። ፊቱ ላይ «ቲ» እና «አር» የሚሉ ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉበት። መከለያው የሚከፈተው ሁለቱ ቀዳዳዎች እኩል ሲገፉ ብቻ ስለሆነ፣ ልጁ በአንዱ ቁልፍ ቢከት አይከፈትለትም። ቤታችሁ የቆየ ከሆነ በኤሌክትሪሺያን አስቀይሩ፤ ተከራይ ከሆናችሁ አከራዩን ጠይቁ። ትንንሾቹን የፕላስቲክ መክደኛዎች ልጅ ነቅሎ አፉ ውስጥ ሊከታቸውና ሊያንቁት ይችላሉ።

ቀጥሎ የቡናው ቦታ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃው መሬት ላይ ሲሆን ገመዱም መሬት ላይ ነው። ልጁ ገመዱን ከጎተተ የፈላው ጀበና ይከተለዋል። ልጁ እስኪያድግ ምድጃውን ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርጉት። የእንጀራ ምጣዱንም እንደጨረሳችሁ ንቀሉት፤ ገመዱንም ጠቅልላችሁ አንሱት።

ዲቫይደሩን ከሶፋ ኋላ አድርጉት። ኤሌክትሪክ ያለበትን ገመድ የነከሰ ልጅ የከንፈሩ ጥግ ይቃጠላል። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም፣ ከአንድና ሁለት ሳምንት በኋላ ቅርፊቱ ሲነሳ ብዙ ሊደማ ይችላል። ስለዚህ «ይድናል» ብላችሁ አትተዉት፤ በዕለቱ ሐኪም ይየው።

መታጠቢያ ቤትና ኩሽና ውስጥ ሁለት ቁልፍ ያላቸው ሶኬቶች አሉ። 5 ሚሊአምፔር ያህል ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው ይቆርጣሉ። በወር አንድ ጊዜ «ቴስት» የሚለውን ተጫኑ። ኤሌክትሪኩ ካልጠፋ አስቀይሩት።

ልጁን ኤሌክትሪክ ከያዘው፣ ቢከብድም በእጃችሁ አትንኩት። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ፤ ከዚያ 911 ደውሉ። ብሬከሩ የት እንዳለ አያትም ሆነ ሞግዚት ይወቁ። ድንገተኛ ላልሆነ የጤና ጥያቄ 811 ላይ ነርስ ታገኛላችሁ።

«ተው! እንዳትነካ!» ማለቱ ጥሩ ነው፤ ግን የአንድ ዓመት ልጅ ቃሉን ቢያውቀውም እጁን አይሰበስብም። ቃሉ የሚጠቅመው ለታላላቆቹ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ዘንድ የሚመጡትን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ቤቱን ዙሩ። «ገመድ»፣ «ሶኬት»፣ «ማጥፊያ»፣ «ንቀል» እያሉ በአማርኛ ይጥሩላችሁ። እናንተ ያላያችሁትን ገመድ እነሱ ያገኙታል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።