ከደረት የወጣ ልብ ስንት ሰዓት ይቆያል?

የቆሰለ ባልደረባውን ተሸክሞ ወደ ሕክምና ጣቢያ ያደረሰ ወታደር የጊዜን ዋጋ ጠንቅቆ ያውቃል። በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችንም ከጊዜ ጋር ስለሚደረግ ሌላ ትግል፣ ይኸውም ለንቅለ ተከላ የተለገሰን ልብ ሳይጎዳ ስለ ማቆየት ልናወሳ እንወዳለን።

ልብ ደም ሲቋረጥበት ኦክሲጅን ያጣል፤ ስንቁም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ሐኪሞች ፖታሲየም ባለበት ፈሳሽ ምቱን አቁመው በበረዶ ያቀዘቅዙታል። ቅዝቃዜው ጉዳቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ በዚህ ዘዴ ልብ በደኅና የሚቆየው አራት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ለጋሹና ሕመምተኛው በተራራቁ ከተሞች ሲገኙ፣ ከዚህ ጊዜ ብዙውን መንገድ ይወስደዋል።

ይህ ዕውቀት በአብዛኛው የተገኘው በቤተ ሙከራ ከእንስሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሪቻርድ ሎወርና ኖርማን ሸምዌይ በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የውሻን ልብ አውጥተው፣ በቀዝቃዛ የጨው ውሃ አቆይተው ለሌላ ውሻ መትከላቸውን አስታወቁ። ከስምንቱ ውሾች አምስቱ ከ6 እስከ 21 ቀናት ኖሩ። ክርስቲያን ባርናርድም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1967 ኬፕታውን ውስጥ የመጀመሪያውን ከሰው ወደ ሰው የተደረገ የልብ ንቅለ ተከላ ያካሄዱት፣ አስቀድመው በውሾች ላይ ከተለማመዱ በኋላ ነበር። ሕመምተኛው 18 ቀናት ኖረዋል።

ከየእንስሳው የሚገኘው ትምህርት ግን የተለያየ ነው። አይጥ ትንሽና ወጪዋ አነስተኛ በመሆኑ ልዩ ልዩ የማቆያ ፈሳሾችን ለማወዳደር ታመቻለች፤ ነገር ግን ልቧ በደቂቃ ከ300 ጊዜ በላይ ስለሚመታ ከሰው ልብ ይርቃል። የአሳማ ልብ በመጠንም ሆነ በአሠራር ለሰው ልብ ይቀርባል።

ይሁን እንጂ ቁም ነገሩ የእንስሳው ዓይነት ብቻ አይደለም። ልብ የሚለገሰው ባብዛኛው አንጎሉ ከሞተ ሰው ነው። አንጎል ሲሞት አድሬናሊንና መሰል ንጥረ ነገሮች ወደ ደም ስለሚጎርፉ፣ ልቡ ከደረት ሳይወጣ መጎዳት ይጀምራል። እንግዲህ በጤነኛ እንስሳ ልብ ላይ ብቻ የተሞከረ ዘዴ፣ በሜዳ ያልተፈተነ ልምምድ ማለት ነው።

በስዊድን የሉንድ ከተማው ሐኪም ስቲግ ስቴንና ባልደረቦቻቸው ሙከራቸውን ያካሄዱት ይህንኑ በማገናዘብ ነበር። የአሳማዎቹ አንጎል ከሞተ ከ24 ሰዓት በኋላ ልባቸውን አወጡ። ልቡንም በበረዶ ከመዘፍዘፍ ይልቅ፣ ኦክሲጅንና ቀይ የደም ሕዋሳት ያሉበትን ፈሳሽ በ8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሳለፉበት። ሌላ 24 ሰዓት ቆይቶ የተተከለው ልብ በሚገባ መሥራቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳወቁ።

ዘዴው ወደ ሰዎችም ተሸጋግሯል። በስምንት የአውሮፓ አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመ ጥናት፣ ከተከላው በኋላ የሚደርሰው ከባድ የልብ ድክመት በበረዶ ከተያዙት ከመቶ 28 ሲሆን፣ በአዲሱ ዘዴ ከተያዙት ከመቶ 11 ሆኖ ተገኝቷል። የጥናቱ ዋና መመዘኛ ግን ቁርጥ ያለ ድምዳሜ ስላልሰጠ፣ ሥራው ገና የሚቀረው አለ።

አንድ ቤተሰብ በመሪር ኀዘኑ መካከል የሟቹን ልብ ለማያውቀው ሰው ሲለግስ፣ ከዚያ የሚበልጥ ስጦታ የለውም። ያ ስጦታ በመንገድ ላይ በሰዓት እጥረት እንዳይባክን ነው በየቤተ ሙከራው ይህ ሁሉ የሚደከመው።