ከመልኩ ልኩ፦ የሞተረኛ ጓንትና የፍሬን እጀታ ሲገዛ

በሞተር ሳይክል መለዋወጫ ገበያ ውስጥ በመልካቸው ብቻ ከሚሸጡ ዕቃዎች መካከል ጓንትና በጣት የሚሳቡት የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎች ይገኙበታል። ጓንቱ በጣት አንጓዎቹ ላይ በተለጠፈው ፕላስቲክ፣ እጀታው ደግሞ በወርቃማ፣ በቀይ ወይም በሰማያዊ ቀለሙ ዓይን ይስባል። ገዥው አገላብጦ ያይና ዋጋ ይጠይቃል። የሁለቱንም ዕቃዎች ጥቅምና ጉዳት የሚወስኑት ግን ከመስኮት ውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው የማይታዩ ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ናቸው።

ጉዳዩ ለንግዱ ማኅበረሰብ ቀላል አይደለም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድ ከተሰጣቸው በስተቀር ሞተር ሳይክሎች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ካገደ ወዲህ፣ ሞተር ሳይክል በመዲናዋ የሥራ መሣሪያ መሆኑ ይበልጥ ጎልቷል። ምግብና ዕቃ የሚያደርስ ሞተረኛ በመኪና መጨናነቅ መሐል ፍሪሲዮኑን ሲስብና ሲለቅ ይውላል። እጁ ከተጎዳ ለእሱ ገቢው ይቋረጣል፤ ላሠማራው ድርጅት ደግሞ ሞተሩ ያለ ሥራ ይቆማል።

ጓንቱ ይቀድማል

ሁለቱንም ሊገዛ ያሰበ ሰው በጓንቱ መጀመር ይኖርበታል። ምክንያቱም እጀታው ከመሪው የሚርቅበት መጠን የሚስተካከለው ጓንት ላጠለቀ እጅ ነው። በባዶ እጅ ልክ የተስተካከለ እጀታ፣ ወፍራም የክረምት ጓንት ሲጠለቅ ጣት ላይ ይከብዳል፤ ወይም ጣቱ በእጀታውና በመሪው መካከል ይጨመቃል።

የጓንት ጥራት የሚለካበት የታወቀ ደረጃ አለ። በአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተፈጻሚ በሆነው የመከላከያ አልባሳት ደንብ መሠረት የሞተረኛ ጓንት ተፈትኖ ማረጋገጫ ሊያገኝ ይገባዋል። መፈተኛው ኢኤን 13594 የሚባለው የ2015 ደረጃ ሲሆን፣ ውጤቱ በጓንቱ ውስጥ በሚሰፋው ጨርቅ ላይ ከሞተረኛ ምስል ጋር ይታተማል። ደረጃ 1 የተባለው ጓንት መዳፉ በሚሽከረከር አሸዋ ወረቀት ላይ ሲፋቅ ቢያንስ 4 ሰከንድ ሳይቀደድ መቆየት አለበት። ለደረጃ 2 የሚጠየቀው 8 ሰከንድ ነው። «ኬፒ» የሚል ምልክት ከደረጃ 1 ጎን ከታየ፣ የጣት አንጓ መከላከያውም በፈተና አልፏል ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ የሌለበት ጓንት ላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ ከጌጥነት ማለፉን የሚያረጋግጥ ነገር የለም።

ምልክቱን የማያገኝ ገዥ ሦስት ነገሮችን በእጁ ሊፈትሽ ይችላል። አንደኛው የእጅ አንጓ ማሰሪያው ነው። ማሰሪያው ከተቆለፈ በኋላ ጓንቱ ከጣቶቹ ጫፍ ሲጎተት ከወለቀ፣ በመውደቅ ጊዜም ይወልቃል፤ የወለቀ ጓንት ደግሞ የቱንም ያህል ቆዳው ቢጠነክር አያድንም። ሁለተኛው ከመዳፉ ታች፣ ከእጅ አንጓው በላይ ያለው ቦታ ነው። የሚወድቅ ሰው በደመ ነፍስ እጁን ስለሚዘረጋ መጀመሪያ አስፋልት የሚነካው ይህ ክፍል ነው። እዚያ ላይ ድርብ ቆዳ ወይም የሚያንሸራትት ጠንካራ ፕላስቲክ መኖር አለበት። ሦስተኛው ስፌቱ ሲሆን፣ በተለይ በመዳፉና በትንሿ ጣት ጎን በኩል ድርብ መሆኑ ይታያል።

ልኩም ሲሞከር እጁ ተዘርግቶ ሳይሆን መሪ እንደጨበጠ ታጥፎ መሆን አለበት። የጣቱ ጫፍ ላይ ትርፍ ቆዳ ከተንጠለጠለ ፍሬን ሲያዝ ይጠላለፋል።

የኢትዮጵያ የበግ ቆዳ ስስና ጠንካራ በመሆኑ በዓለም የጓንት ገበያ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ዝናው በይበልጥ በጎልፍና በዘወትር መልበሻ ጓንት ነው። ለሞተረኛ መዳፍ የፍየል ወይም የከብት ቆዳ፣ አለበለዚያም ድርብ ሽፋን ይመረጣል። ለክረምቱ ደግሞ ውኃ የማያስገባ ስስ ሽፋን ያለው ሁለተኛ ጓንት መያዝ፣ አንዱን የቆዳ ጓንት ዝናብ አስመትቶ ፀሐይ ላይ እያደረቁ ከማድረቅና ከማሰንጠቅ ያተርፋል። ስልክ እያየ አድራሻ ለሚፈልግ አድራሽ፣ የአመልካች ጣቱ ጫፍ ስክሪን የሚያሠራ መሆኑ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ካልሆነ ጓንቱ ኪስ ውስጥ ይውላል።

አጭር እጀታ፣ ከባድ ጉልበት

እጀታን በሚመለከት በገበያው የሚዘወተረው በሁለት ጣት የሚያዘው አጭር ዓይነት ነው። ቀላል ስሌት ጉዳቱን ያሳያል። ጣት ከእጀታው መዞሪያ 12 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲስብ 8 ኪሎ ጉልበት የሚጠይቅ ፍሪሲዮን፣ ጣቱ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ሲጠጋ 12 ኪሎ ይጠይቃል። በሰፊ መንገድ ላይ ልዩነቱ አይሰማ ይሆናል፤ ቀኑን ሙሉ በመጨናነቅ ውስጥ ለሚሠራ ሞተረኛ ግን ማታ ክንዱ ላይ ይታወቀዋል። ስለዚህ ለዘወትር ሥራ ረጅሙ፣ ከመሪው ያለውን ርቀት በእርከን ማስተካከያ ያለው እጀታ የተሻለ ነው።

ከዚህ የከፋው አደጋ በዘይት በሚሠራ የዲስክ ፍሬን ላይ የሚገጠም ልኩን ያልጠበቀ እጀታ ነው። እጀታው ሳይነካ የፍሬን ፓምፑን ፒስተን በጥቂቱም ቢሆን ገፍቶ ከያዘ፣ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት ትንሿ ቀዳዳ ትዘጋለች። ፍሬኑ በመጠኑ እየያዘ ይሄዳል፤ ዘይቱ ይሞቃል፤ የሞቀ ዘይት መጠኑ ስለሚጨምር ፍሬኑ ይበልጥ ይይዛል። መጨረሻው ሞተረኛው ሳይፈልግ የፊት ጎማው መቆለፍ ሊሆን ይችላል። አዲስ እጀታ የገጠመ ሰው ከመንዳቱ በፊት እጀታው ፒስተኑን ሳይነካ ጥቂት እንደሚላወስ፣ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሲገፋ በነፃነት እንደሚዞርና የፍሬን መብራቱ በርቶ እንደሚጠፋ ማየት ይኖርበታል። ገመድ በሚስበው ፍሪሲዮን ላይም በእጀታው ጫፍ ሲለካ፣ በብዙ ሞተሮች ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ባዶ እንቅስቃሴ ይተዋል። በአንዳንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች ላይ ደግሞ የፍሬን እጀታው ሲሳብ የሞተሩን ኃይል የሚያቋርጥ ስዊች ስላለ፣ ይህን የማያስገጥም እጀታ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

በማሸጊያው ላይ የሚነበብ አንድ ቃልም ነጋዴውንም ገዥውንም ያሳስታል። በእኛ ገበያ «ፎርጅድ» ማለት ሐሰተኛ ዕቃ ነው። በእጀታ ማሸጊያ ላይ ሲጻፍ ግን አሉሚኒየሙ በከፍተኛ ግፊት ተቀጥቅጦ ቅርጽ መያዙን ይገልጻል። እንዲህ ያለው እጀታ ሲወድቅ ከመሰበሩ በፊት የመታጠፍ ዕድል አለው። ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰ ርካሽ እጀታ ግን በአንድ መውደቅ ሊቀነጠስ ይችላል። የእጀታው ጫፍም ክብ መሆን አለበት፤ የዓለም አቀፉ የሞተር ስፖርት ፌዴሬሽን በውድድር ላይ ቢያንስ 16 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጫፍ የሚጠይቀው፣ ሹል ጫፍ የወደቀ ሰው ሰውነት ላይ ስለሚሰካ ነው።

ለአስመጪው የሚተርፈው ስሌት

ጓንት በቁጥር፣ እጀታ በሞተር ሞዴል የሚሸጥ ዕቃ ነው። በቀለም ብዛት የተጫነ ሣጥን መደርደሪያ ይሞላል እንጂ ለየትኛው ሞዴልና ለየትኛው ዓመት እንደተሠራ ካልታወቀ ገንዘብ አስሮ ይቀመጣል። ከማዘዝ በፊት አንድ ጥንድ አስመጥቶ ከኦሪጅናሉ ጎን አስቀምጦ መለካት፣ ከዚያም በሞተሩ ላይ ገጥሞ መሞከር ይቻላል። ብዙ ሞተር የሚያሠማራ ድርጅት ደግሞ በአንድ ሞዴል ከተወሰነ፣ ሁለትና ሦስት ትርፍ እጀታ መጋዘን ማስቀመጥ ይበቃዋል፤ የአንድ እጀታ ዋጋ ሞተሩ ቆሞ ከዋለበት ቀን ገቢ ጋር ሲነጻጸር ስሌቱ ግልጽ ነው። ቀለሙን ግን ገዥው በመጨረሻ ይምረጥ።