ለስኳር ታማሚ አዛውንት ምን እናቅርብ?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ጤና ጣቢያዎች አዛውንት ይዞ ለስኳር ክትትል የሚመጣ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚያስቀድመው ጥያቄ «ምን እንከልክላቸው?» የሚል ነው። ከፍቅር የሚመነጭ ጥያቄ ስለሆነ አይናቅም። ነገር ግን ወደ ቤት የሚገባው የክልክል ምግቦች ዝርዝር ብቻ ሲሆን፣ ሻዩ ያለ ስኳር ይቀርባል፣ እንጀራው ይቀነሳል፣ ድንችና ሙዝ ከማዕድ ይነሣሉ፤ በምትካቸው ምን እንደሚቀርብ ግን የሚያስብ የለም። እናት ከሲታ እየሆኑ ሲሄዱ እንኳ «ስኳራቸው ወረደላቸው» ተብሎ ደስ ይባላል። ዕድሜያቸው ለገፋ ታማሚዎች መቅደም ያለበት ጥያቄ ምን፣ ምን ያህልና በስንት ሰዓት ይብሉ የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቴ ከመድኃኒቱ ይጀምራል። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው አልፎ አልፎ ነው። ኢንሱሊንና ግሊቤንክላማይድ ግን ሰው በላም አልበላም ሥራቸውን ይሠራሉ። ግሊቤንክላማይድ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋፋ ሲሆን ኃይሉ አንድ ሙሉ ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ይህ መድኃኒት ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች እንደማይስማማ ያመለከተው በዚሁ ሥጋት ነው። የደም ስኳር ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲወርድ ወጣት ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይርበዋል። አዛውንት ግን እነዚህን ምልክቶች ሳያሳዩ ሊደነዝዙ፣ ነገር ሊምታታባቸው፣ ብድግ ሲሉ ሊወድቁ ይችላሉ፤ ቤተሰብም «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። የዳሌ ስብራት መነሻው ያልተበላ ቁርስ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ስኳር እንዲህ ሲወርድ ነቅተው መዋጥ ለሚችሉ ሰው ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መለካት፣ ሲሻላቸውም ምግብ ማብላት ያስፈልጋል። ራሳቸውን ለሳቱ ግን በአፍ ምንም ሳይሰጡ በፍጥነት ወደ ሕክምና መውሰድ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጡንቻ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ይመነምናል፤ ምግብ በደፈናው ሲቀነስ ደግሞ መመንመኑ ይፈጥናል። ኩላሊታቸው ጤነኛ ለሆነ አዛውንት በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። የእኛ ማዕድ ለዚህ አይቸገርም፤ ወፈር ያለ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ በፍስክ ጊዜ እንቁላልና ወተት አሉ። እንጀራው አንሶ ወጡና ጎመኑ በርከት ማለት አለበት። ጤፍ እህሉ እንዳለ ስለሚፈጭ አሰሩ ይጠቅማል፤ «ጤፍ ነው» ተብሎ እንደ ልብ ከተበላ ግን እሱም ስኳር ከፍ ያደርጋል። የጤፍ ዋጋ ከናረ ወዲህ ከሱቅ የሚገዛው እንጀራ ሩዝ ወይም በቆሎ የተቀላቀለበት መሆኑ የተለመደ ነው፤ የነጣ ሩዝ ሲበዛበት አሰሩ ያንሳል። ቤት የሚጋግር ቤተሰብ በሩዙ ፋንታ ገብስ ወይም ማሽላ ቢቀላቅል ይሻላል። ይህ ማዕድ ለቤተሰቡ ሁሉ ስለሚበጅ፣ አባትን ለብቻቸው ሰሃን ይዘው ጥግ የሚያስቀምጥ ምክንያት የለም።

ክልከላው ሲላላ ስኳሩ ዓይንና ኩላሊት ይጎዳል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ እውነትም ከፍተኛ ስኳር በዓመታት ውስጥ ይጎዳል። ለስላሳ መጠጥን፣ ጭማቂንና ስኳር የበዛበትን ሻይ መተው ለአዛውንትም ተገቢ ነው። ሆኖም የቁጥጥሩ ልክ ለሁሉም አንድ አይደለም። የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ጤነኛና ብርቱ ለሆኑ አዛውንቶች ከ7 እስከ 7.5 በመቶ በታች እንዲሆን ሲመከር፣ ብዙ ሕመም ለተደራረበባቸው ግን ከ8 በታች መሆኑ ይበቃል። ይህን ልክ የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ቤተሰብ በራሱ እንጀራ እየቀነሰ ቁጥሩን ከሚያሳድድ ቢጠይቅ ይሻላል።

ከበድ ያለው ጥያቄ ጾም ነው። ሁዳዴን 55 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብን ሲጾሙ ለኖሩ እናት «አይጹሙ» ማለት ዕድሜያቸውን ሙሉ የቆሙበትን መንካት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም፣ ቁርኣንም ለታመመ ሰው ፈቃድ ይሰጣል፤ ቢሆንም ፈቃዱን ለመቀበል የሚከብዳቸው ብዙ ናቸው። የጾም ምግቡ ራሱ ችግር የለበትም፤ ሽሮውም ምስሩም የጾም ነው። አደጋው ጠዋት መድኃኒት ተውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አለመቅመስ ላይ ነው። ስለዚህ የንስሐ አባት ወይም ኢማም ቀድመው ይማከሩ፤ ጾሙ ከመግባቱ በፊትም የመድኃኒቱ ዓይነትና ሰዓት በጤና ባለሙያ ይስተካከል፤ ስኳሩ ሲወርድ ጾሙ በዚያች ቅጽበት እንዲፈታ ከእርሳቸው ጋር አስቀድሞ ስምምነት ይደረስ።

«አትክልት በዚህ ኑሮ?» ለሚሉ፣ አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነሥቶ በጃን ሜዳ በኩል ኃይሌ ጋርመንት መምጣቱ ለክፍለ ከተማችን ነዋሪ ገበያውን አቅርቦለታል። ጎመን፣ ጥቅል ጎመንና ቃሪያ ደግሞ ከሥጋ ጋር የሚወዳደር ዋጋ የላቸውም። ገበያው የማይፈታው ችግር ግን አለ። ሊፍት በሌለው የጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አዛውንት ልጆች ሥራ ሲውሉ ብቻቸውን ናቸው። ምሳቸው ማለዳ ተሠርቶ ቢቀመጥም አሙቆ የሚያቀርብላቸው፣ መብላታቸውንም የሚያይ ሰው የለም። ክትትል ላይ የስኳሩ ቁጥር ከመጻፉ በፊት ትናንት ምሳ ማን እንዳቀረበላቸውና በስንት ሰዓት እንደበሉ መጠየቅ፣ መልሱም ካርዳቸው ላይ ከቁጥሩ ጎን መስፈር አለበት።