በዕድሜ ለገፉ ሕሙማን ሆድ ሳይከፈት የሚደረግ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና

አዲስ አበባ፤ ዕድሜያቸው ሰማንያ ዓመት ያለፈ ወላጆች በሐሞት ጠጠር መታመማቸው ሲረጋገጥ ቤተሰብን የሚያስጨንቀው ጥያቄ ቀዶ ሕክምናውን ይችሉታል ወይ የሚለው ነው። «በዚህ ዕድሜያቸው ምላጭ አይንካቸው» የሚለው አስተያየት ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም፤ የሕክምናው ማስረጃ ሁልጊዜ አይደግፈውም።

ላፓራስኮፒ በመባል የሚታወቀው ይህ ቀዶ ሕክምና በጥቃቅን ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያዎችን በማስገባት የሐሞት ከረጢትን ለማውጣት ያስችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከናወነው እ.ኤ.አ በ1985 በጀርመናዊው ሐኪም ኤሪክ ሙሄ ነው። በአሁኑ ወቅት በአዲስ አበባ በመንግሥትም ሆነ በግል ሆስፒታሎች ይሰጣል። የገርጂና የአካባቢው ነዋሪዎች ለሆድ ሕመም ምርመራ ከሚሄዱባቸው ተቋማት አንዱ እ.ኤ.አ በ2004 ሥራ የጀመረውና በተለምዶ «ኮሪያ ሆስፒታል» የሚባለው የሕክምና ማዕከል ነው።

ዘዴው ለአረጋውያን የሚሰጠው ዋነኛ ጥቅም ከቁስሉ ማነስ የሚመነጭ ነው። ሕመሙ ቀለል ስለሚል በሽተኛው በደንብ ይተነፍሳል፤ ፈጥኖም ከአልጋው ይነሣል። በዚህም ምክንያት ለሳንባ ምችና በእግር ሥር ለሚፈጠር የደም መርጋት የመጋለጡ ዕድል ይቀንሳል።

ይሁን እንጂ ሥጋት የለውም ማለት አይደለም። ሆድን ለመንፋት የሚገባው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ሳንባን ወደ ላይ ይገፋል፤ ወደ ልብ የሚመለሰውንም ደም ይቀንሳል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ላለበት አረጋዊ ሐኪሞች የጋዙን ግፊት ዝቅ ማድረግን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ከረጢቱ ደጋግሞ በመቆጣቱ ከአካባቢው ጋር የተጣበቀ ከሆነ ወደ ተለመደው ሆድ ከፍቶ የመሥራት ዘዴ መዞር ያስፈልጋል፤ ይህም በአረጋውያን ላይ ከወጣቶች ይልቅ ያጋጥማል። የሐሞት ቱቦን ከመጉዳት የሚያድን ውሳኔ በመሆኑ እንደ ውድቀት ሊታይ አይገባም።

እ.ኤ.አ በ2018 ይፋ የሆነው የኔዘርላንድስ ጥናት ለጉዳዩ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከረጢታቸው በድንገት የተቆጣና ቀዶ ሕክምና ለአደጋ ያጋልጣቸዋል የተባሉ 142 ሕሙማን በሁለት ተከፍለው፤ አንዱ ወገን በላፓራስኮፒ ሲታከም ለሌላው በቆዳ በኩል ቱቦ ገብቶ ሐሞቱ እንዲፈስ ተደርጓል። ከባድ ተጓዳኝ ችግር የገጠመው ከመጀመሪያዎቹ 12 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ ግን 65 በመቶ ነበር። በሞት ረገድ ጉልህ ልዩነት አልታየም። እጅግ የተዳከሙ ሕሙማን በጥናቱ ስላልተካተቱ ለእነርሱ ቱቦው አሁንም አማራጭ ነው።

ሕመም የማያስከትል ጠጠር ግን በአብዛኛው ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። አስቸጋሪው በአገራችን ብዙ ጊዜ «ጨጓራ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ሕመም ነው፤ በተለይ ቅባት ከበዛበት ምግብ በኋላ ከቀኝ ጎን ጎድን ሥር ተነሥቶ ወደ ትከሻ የሚሄደው። በአረጋውያን ላይ ትኩሳቱም ሕመሙም ደብዛዛ ሊሆን ስለሚችል፤ ድንገተኛ ግራ መጋባት፣ ምግብ መጥላት ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ሲታይ ሳይዘገዩ መመርመር ተገቢ ነው። የሚወስዷቸው መድኃኒቶች፣ በተለይም ደም የሚያቀጥኑት፣ ከቀዶ ሕክምናው አስቀድሞ ለሐኪሙ መነገር አለባቸው።