የጉበት ቁጥር ከፍ ሲል

አንዲት የሱሉልታ እናት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ጨረሱ። አንድ ማታ የደም ምርመራ ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ትምህርታችን መጡ።

«ልጄ፣ ቁጥሩን ራሴ አነበብሁት። የጉበትዎ ኢንዛይም ጨምሯል ተባልሁ። በሽታው ተመለሰብኝ ማለት ነው? ጎረቤቴ የሰጠችኝን ሥር ልጠጣ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንዛይም በጉበት ውስጥ የሚሠራ ንጥረ ነገር ነው። እንስራ ሲሰነጠቅ ውሃው ያንጠባጥባል። ጉበትም ሲጎዳ ኢንዛይሙ ወደ ደም ይፈሳል፤ ቁጥሩም ከፍ ይላል።

ጉበትን የሚጎዳው ብዙ ነው። የካንሰር መድኃኒት፣ የጉበት ቫይረስ፣ አረቄ፣ አንዳንድ ሥርና ቅጠል ይጎዱታል። ካንሰር ወደ ጉበት ሲዛመትም ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል። ለይቶ የሚነግረን ግን ምርመራ ነው። ምክንያቱ መድኃኒት ከሆነ፣ ሐኪሙ መጠኑን ሲቀንስ ወይም ሲለውጠው ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ይወርዳል።

ስለዚህ መድኃኒት በራሳችን አናቋርጥ። የጠጣነውን ሁሉ ለሐኪም እንንገር። ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንት ከጠቆረ ሳንውል ሳናድር እንሂድ።

እናታችን ሥሩን አልጠጡም። በማግሥቱ ወረቀቱንም ሥሩንም ይዘው፣ እንጦጦን ተሻግረው ወደ ሐኪማቸው ሄዱ።